ሁለት ባላ፣ አንድ ዲናሞ

ልጄ፣ ጀልባዋን የገዛህ ዕለት ደውለህ የጠየቅኸኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ጋሼ፣ ሞተሩ ላይ ያለው ዲናሞ አንድ ነው፣ ባትሪው ግን ሦስት ሊሆን ነው፤ ሁለተኛ ዲናሞ ላስገጥም?» እኔም «ተው፣ አንዱ ይበቃል» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። እንደተቀየምህ እናትህ ነግራኛለች። ንቄህ አይደለም፤ ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። ይኸው ዛሬ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ስላለኝ ቁጭ ብዬ የማውቀውን ልጽፍልህ።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ሲባል እየሰማህ ነው ያደግኸው። ጀልባ ላይ ሁለት ወገን ባትሪ የምናስቀምጠውም ለዚሁ ነው። አንዱ ሞተሩን ያስነሳል፤ ሌላው መብራቱን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ ማቀዝቀዣውን ይሸከማል። ተረቱ ያልነገረህ ግን ሁለቱን ባላ በገመድ ጠፍረህ ካሰርኻቸው አንዱ ሲወድቅ ሌላውንም ይዞት እንደሚወድቅ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት በሰው ሰርግ ላይ ነው።

ባሕር ዳር በመጣሁ ሰሞን ነው። እስከ 1982 ዓ.ም. ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ስለነበርሁ፣ ጣና ላይ እኔን የሚያስተምር ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አንድ ባለ ጀልባ «ሙዚቃው ቶሎ ይደክምብኛል» ቢለኝ ሁለተኛ ባትሪ አስገዛሁትና ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ አገናኝቼ «እንግዲህ ጉልበትህ እጥፍ ሆነ» አልሁት። ደስ ብሎት እኔንም አሳፈረኝ። ሙሽሮቹንና አጃቢዎቻቸውን ይዘን ወደ ዘጌ አቅጣጫ ወጣን፤ መንገድ ላይ ሞተር አጥፍተን መልሕቅ ጣልን። ፎቶው፣ እስክስታው፣ ጭፈራው ተጀመረ፤ ድምፅ ማጉያው አራት ሰዓት ሙሉ ጮኸ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ፣ ታውቀዋለህ የጣናን የከሰዓት ነፋስ፣ ነጂው ቁልፉን አዞረ። ጠቅ አለ። ደገመ፤ ጠቅ። ሦስተኛው ላይ ጠቅታውም ጠፋ።

መኪና ቢሆን ወርደህ ትገፋዋለህ። ጀልባ ማን ይገፋል? ሚዜዎቹ በነጭ ሸሚዛቸው ወደ ጀልባዋ የገባውን ውሃ ሲቀዱ፣ የሙሽራዋ እናት ቅዱሳኑን ሁሉ በስም ሲጠሩ፣ እኔ እሞተሩ አጠገብ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ያወጣን አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው። በደንገል ታንኳው ሄዶ ከሌላ ጀልባ የተፈታ ባትሪ አመጣልን። ደንገል ላይ የተቀመጠች ባትሪ በማዕበል መሃል እየተወዛወዘች ስትመጣ ያየሁበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም። እጥፍ ጉልበት ያልሁት እጥፍ ሆኖ ነው ያለቀው።

ስለዚህ ያንተ ችግር ከአንድ ዲናሞ እንዴት ሁለት ወገን ባትሪ ልሙላ የሚለው አይደለም። መሙላቱ ቀላል ነው። ከባዱ፣ ሞተሩ ሲጠፋ አንዱ ሌላውን እንዳይበላው ማድረግ ነው። ዲናሞው ሲሰጥ ይገናኙ፣ ዲናሞው ሲቆም ይለያዩ። ሰዎች የሚሸጡልህ ዕቃ ሁሉ ይህችኑ አንዲት ሥራ በተለያየ መንገድ የሚሠራ ነው።

ሁለት እንስራ በቱቦ አገናኝተህ አስብ። አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ጎዶሎ ከሆነ ውሃው እኩል እስኪሆን ድረስ ከሙሉው ወደ ጎዶሎው ይፈሳል፤ የማን እንስራ እንደሆነ አይጠይቅም። የእንስራው ውሃ ከፍታ ለባትሪ ቮልቴጁ ነው። ባለ 12 ቮልት የምንለው የአሲድ ባትሪ ስድስት ክፍል አለው፤ ሞልቶ አርፎ ሲያድር 12.6 ወይም 12.7 ይለካል። ግማሽ ላይ ሲደርስ 12.2 አካባቢ ነው። ከ11.9 በታች ካየህ ባዶ ነው በለው። ዲናሞው ደግሞ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ይሰጣል። ከሁለቱም እንስራ ከፍ ብሎ የሚወርድ ፏፏቴ ነውና ሁለቱንም ይሞላል፤ የባሰ የጎደለው ብዙ ይስባል፣ የሞላው ራሱ እምቢ ይላል። አንተ ማካፈል አይጠበቅብህም።

ባትሪዎቹ ራሳቸው ግን አንድ ዓይነት እንስሳ አይደሉም። የሞተር ባትሪ ፈረስ ነው፤ ውስጡ ስስና ብዙ ሰሌዳ ስላለው ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ለሁለት ሦስት ሴኮንድ በ200 አምፔርና ከዚያም በላይ ይገፋና ያርፋል። የአገልግሎት ባትሪ በሬ ነው፤ ሰሌዳው ወፍራም ነው፣ ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ ያርሳል። ፈረሱን ብታርስበት ይሞታል። የሞተር ባትሪን ደጋግመህ ባዶ ካደረግኸው ዓመት አይሞላልህም።

አሁን አንድ ስሌት ላሳይህ፤ አይከብድም። 200 አምፔር ለ3 ሴኮንድ ማለት 600 አምፔር-ሴኮንድ ነው፤ ይህ ከአንድ አምፔር-ሰዓት አንድ ስድስተኛው ብቻ ነው። ዲናሞው ይህን በጥቂት ደቂቃ ይመልሰዋል። ስለዚህ የሞተር ባትሪ ሁልጊዜ ሙሉ ሊባል ይችላል፤ ተዘርፎ እንጂ ተርቦ አይሞትም። የአገልግሎቱን ደግሞ ተመልከት። የ200 ዋት ማጉያ ወደ 17 አምፔር ይበላል፤ በአራት ሰዓት 68 አምፔር-ሰዓት። ማቀዝቀዣውና መብራቱ ሲጨመር መቶው ሩቅ አይደለም። ሁለት ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ብታስቀምጥ ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም ያለብህ፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜያቸውን እየበላህ ነው። ሁለቱን ስታገናኛቸው ፖዘቲቩን ከአንደኛው፣ ኔጌቲቩን ከሌላኛው ጫፍ ውሰድ፤ ከአንዱ ብቻ ከወሰድህ ያ አንዱ ቀድሞ ያረጃል። አሮጌና አዲስም አታጣምር፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል።

አገናኝቶ የሚለየውን ነገር ሰው በአራት መንገድ ሲሠራው አይቻለሁ። የድሮው የእጅ ማዞሪያ ነው፤ «አንድ»፣ «ሁለት»፣ «ሁለቱም»፣ «ዝግ» ይላል። ርካሽ ነው፣ አይበላሽም፤ የሚበላሸው ሰው ነው። መልሕቅ ስትጥል ከ«ሁለቱም» ወደ «ሁለት» ማዞር ከረሳህ ያ የሰርጉ ቀን ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ሌላም ክፉ አለው። አንድ ረዳት ሞተሩ እየሠራ ማዞሪያውን በ«ዝግ» በኩል አሳለፈብኝ። ዲናሞው ዥረቱን የሚጥልበት ባትሪ ሲያጣ ቮልቴጁ በቅጽበት ወደ ላይ ይፈናጠርና ውስጡ ያሉት ዳዮዶች ይቃጠላሉ። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ሞተር እየሠራ ባትሪ አይፈታም፣ አይዘጋም፤ በቃ።

ሁለተኛው ዳዮድ ያለበት መለያ ነው። ውሃን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚያሳልፍ በር ነው፤ ማንም አያዞረውም፣ አይረሳም። ችግሩ ለማሳለፊያው ቀረጥ ይወስዳል፤ 0.6 ወይም 0.7 ቮልት። ዲናሞህ 14.2 ሰጥቶ ባትሪው ጋ 13.5 ብቻ ከደረሰ ባትሪው መቼም አይሞላም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተራበ ሰሌዳው ላይ ድኝ የተቀላቀለበት ነጭ ነገር ይጋገርና ይደርቃል። የዲናሞው መቆጣጠሪያ ቮልቴጁን ከባትሪው ጫፍ የሚያነብ ዓይነት ከሆነ ያካክሰዋል፤ ያንተው ግን ከራሱ ከዲናሞው ነው የሚያነበው። አትግዛው።

ሦስተኛው ሪሌ ነው፣ በኤሌክትሪክ ራሱ የሚያገናኝና የሚለይ ማዞሪያ፤ ቀይዋን የቻርጅ መብራት በምታጠፋው ሽቦ የሚነሣ። ሞተር ተነሥቶ ዲናሞው መስጠት ሲጀምር ሪሌው ያገናኛል፣ ሲቆም ይለያል። ለብዙ ዓመት የሠራሁት ይህን ነው፤ ጥሩ ነው። ብቻ የሪሌውን ማስነሻ ሽቦ ከቁልፉ እንዳትወስደው። ከቁልፉ ከወሰድኸው ሞተሪኖው ገና ሲዞር ሁለቱ ተገናኝተው የሞተሪኖው ዥረት በቀጭኑ ማገናኛ በኩል ከአገልግሎቱ ባትሪ ይመጣል፤ ሽቦው ይግላል፣ ፊውዙም ይበጠሳል።

አራተኛው እኔ ላንተ የምመርጥልህ ነው። ቮልቴጁን ራሱ አይቶ የሚያገናኝ ሪሌ። ብዙዎቹ የሞተሩ ባትሪ 13.3 ወይም 13.7 ሲደርስ ያገናኛሉ፤ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያሉ። ለምን በነዚህ ቁጥሮች? ባትሪ ብቻውን አርፎ 13.3 አይለካም፤ ስለዚህ ያን ቁጥር ካየ ዲናሞው እየሰጠ ነው ማለት ነው። 12.8 ላይ ደግሞ ዲናሞው ቆሟል፣ የሞተሩ ባትሪ ግን ገና ሙሉ ነው። ቁጥሮቹ መሃል ያለው ርቀት ሪሌው እየተገናኘና እየተለያየ እንዳያንቀጠቅጥ ነው። መጀመሪያ የሞተሩ ባትሪ ይበላል፣ ከዚያ የተረፈው ሁሉ ወደ አገልግሎቱ ይሄዳል፤ እንደ ቤታችን ማዕድ፣ ታላቅ ይቀድማል። የዲናሞውን ሽቦ ከቦታው አትነካውም፤ ሪሌውን በሁለቱ ፖዘቲቮች መሃል ታስገባለህ፣ ማሳውን፣ ማለትም የኔጌቲቩን መስመር፣ ታገናኛለህ፣ አለቀ። የሞተሩ ባትሪ ላይ ግን ከሞተሩ በቀር ምንም እንዳታስር። ሬዲዮ አይደለም፣ የስልክ መሙያ እንኳ አይደለም። «አንዲት ትንሽ መብራት ብቻ» የሚል ሰው ይመጣል፤ እሱ ነው ጠላትህ።

የሊቲየም ነገር አነሣህልኝ ነበር። ዛሬ በየሶላር ሱቁ ይሸጣል፤ ቀላል ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፣ አልክድም። ግን በዚህ ሪሌ አትሰረው። ሊቲየም አርፎ ሲቀመጥም 13.3 አካባቢ ነው የሚለካው፤ ሪሌው ዲናሞው እየሰጠ ይመስለውና ሳይለያይ ያድራል። ሁለተኛም ሆዱ አይጠግብም፤ ዲናሞው ያለውን ሁሉ ያለ ዕረፍት ይስባል። አንተ ዲናሞ ላይ 70 አምፔር ተጽፎ አይተሃል፤ ያ ቁጥር ሞተሩ በኃይል ሲዞርና ዲናሞው ገና ሳይግል የሚሰጠው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስጥ ብትለው ይቃጠላል። ጣና ደግሞ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የማቀዝቀዝ አቅሙ ያንሳል። ሊቲየም ከፈለግህ መሃሉ ላይ ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር ያስፈልግሃል፤ ባለ 20 ወይም ባለ 30 አምፔር፤ ከዚያ በላይ እንዳይስብ ይገድበዋል። ገንዘቡ ካለህ እሺ። ከሌለህ በአሲዱ ጀምር።

እስካሁን የነገርሁህ ዕቃውን ነው። ግን ጥራኝና የተበላሸ ጀልባ አሳየኝ፤ ከአሥሩ ስምንቱን ሳይሆን ምናልባት ዘጠኙን ጊዜ ጥፋቱን የማገኘው ሪሌው ላይ ሳይሆን ሽቦው ላይ ነው። ሰው ለሪሌው ገንዘቡን ይከፍልና ለገመዱ ይሳሳል። አስላው እስቲ። የአገልግሎቱ ባትሪ ከሞተሩ 4 ሜትር ይርቃል፤ ሄዶ ሲመለስ 8 ሜትር። 50 አምፔር ሲያልፍበት በባለ 6 ስኩዌር ሚሊሜትር መዳብ ላይ 1.17 ቮልት ይጠፋል። በባለ 16 ወደ 0.44፤ በባለ 35 ደግሞ 0.2 ቮልት። ከዲናሞው የወጣው 14.2 በባለ 6 ሽቦ ሲሄድ 13 ብቻ ይደርሳል ማለት ነው። ዳዮዱን በቀረጡ ተቆጥተን ጥለነው፣ ሽቦው እጥፉን ሲበላ ዝም እንላለን። ባለ 35ን ግዛ።

ማሳውንም አትርሳ። ፖዘቲቩን ሁሉም ሰው ይመረምራል፤ ኔጌቲቩን የሚያይ የለም። ቀላል መንገድ አለ፤ ሞተሩ እየሠራ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የዲናሞው አካል ላይ፣ ሌላውን የአገልግሎቱ ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ አድርግ። ከ0.1 ብዙ ከበለጠ የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ አለ። ጣና ጨው የለውም፤ ምጽዋ ላይ መዳቡን አረንጓዴ እያደረገ የሚበላው ጨው እዚህ አያገኝህም። ግን እርጥበቱና ንዝረቱ አሉ፤ ብሎን በራሱ ጊዜ ይፈታል።

ፊውዝ በሁለቱም በኩል ይግባ፤ በባትሪው አጠገብ፣ አንድ ስንዝር ባልበለጠ ርቀት። ለምን ሁለት? ያ ማገናኛ ገመድ በሁለቱም ጫፍ ባትሪ አለው። መሃሉ ተልጦ ብረቱን ቢነካ ከሁለቱም ወገን እሳት ይመጣል፤ በአንድ በኩል ብቻ ፊውዝ ካለ በሌላው በኩል ይነድዳል። የብረት ጀልባ ደግሞ ሁለመናው ማሳ ነው። የባትሪውን ሳጥን ከላይ በኩል ክፈትለት፤ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ከአየር የቀለለ ነውና ከላይ ይጠራቀማል፤ ከአየሩ መቶ እጅ አራቱ እሱ ሲሆን ለፍንጣሪ ዝግጁ ነው። ስትፈታ ኔጌቲቩን አስቀድም፤ ስታስር ኔጌቲቩን አስከትል። ባትሪው ውስጥ የምትጨምረው ውሃ የተጣራ ይሁን እንጂ የሐይቁን በጣሳ ቀድተህ እንዳትጨምር፤ ይህን ሲያደርጉ አይቼ ነው የምነግርህ።

ውሃ ማውጫ ፓምፑ ላይ ሰዎች ይከራከራሉ። እኔ ከአገልግሎቱ ባትሪ፣ ግን ከዋናው ማጥፊያ በፊት፣ በራሱ ፊውዝ ነው የማስረው። ሌሊት ጀልባዋን ዘግተህ ስትሄድ ፓምፑ ነቅቶ ማደር አለበት።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርህ። ዲናሞህ ጥሩ፣ ሽቦህ ወፍራም፣ ሪሌህ አዲስ ቢሆንም እንኳ ዘጌ ደርሶ መመለስ ብቻውን ባትሪህን አይሞላውም። የአሲድ ባትሪ እንደ ሕፃን ነው፤ ሲርበው ይጎርሳል፣ እየጠገበ ሲሄድ ያንገራግራል። መጀመሪያ 40 ወይም 50 አምፔር የተቀበለው ባትሪ ሰማንያ ከመቶ ሲደርስ ይቀንሳል፤ የመጨረሻዋን ሃያ ለመሙላት ሰዓታት ይፈልጋል። የአንድ ሰዓት መንገድ አይበቃውም። ደጋ እስጢፋኖስ ድረስ የሚሄድ ጀልባ ይሻላል፤ እዚህ ቅርብ ለቅርብ የሚመላለስ ግን ሁልጊዜ በግማሽ ሆድ ያድራል። ስለዚህ ጣሪያዋ ላይ አንድ ባለ 100 ዋት ሶላር አድርግ። በጥሩ ፀሐይ 5 አምፔር ቢሰጥህ ነው፤ ጥቂት ይመስላል፤ ጀልባዋ ቆማ ስትውል ግን ያችን የመጨረሻዋን ሃያ የሚሞላልህ እሱ ነው። በመቆጣጠሪያው በኩል ከአገልግሎቱ ባትሪ ጋር እሰረው። ወይም ማታ ወደቡ ላይ መብራት ካለ በቻርጀር አሳድራት። ሁለተኛ ዲናሞውን ተው ያልሁህ ለዚህ ነው፤ የጎደለህ ጊዜ እንጂ ዲናሞ አይደለም።

ወደ ጎርጎራ በኩል ለመሥራት አስበሃል አሉኝ። እንግዲያው እምቦጭ የሚሉትን የውሃ አረም አስብ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ስሙ ሳይሰማ በፊት ሞተር በቀን ሦስት አራቴ ብናስነሳ ነው። ዛሬ በሰሜኑና በምሥራቁ ዳርቻ ስትገባ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ መግቢያ ይደፍናል፤ ታጠፋለህ፣ ትፈታለህ፣ ታስነሳለህ፤ ደግሞ ታጠፋለህ። እያንዳንዷ ማስነሳት ትንሽ ናት ብዬሃለሁ። ግን በመሃል ዲናሞው ለመመለስ ጊዜ ካላገኘ ትናንሾቹ ይደማመራሉ። እዚያ ሰፈር ስትሠራ ሞተሩን ካስነሣህ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ሳይጠፋ አቆየው፤ ሙዚቃውንም ዝቅ አድርግ። ተሳፋሪ ቢያጉረመርም ያጉርምርም።

ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ እወርዳለሁ። ዓርብ ማታ ጀልባዋን ምንም ሳይበራባት አሳድራት፤ ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣትህ በፊት እያንዳንዱን ባትሪ ለክተህ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍልኝ። ከዚያ አስነሣና ሦስት ቦታ ለካ፤ ዲናሞው ጫፍ ላይ፣ የሞተሩ ባትሪ ላይ፣ የአገልግሎቱ ላይ። ገመዱንና ሪሌውን እኔ ሳላየው አትግጠም።

አንድ ነገር ግን ቅዳሜን አይጠብቅም። በላክህልኝ ቪዲዮ ላይ ቁልፉን ስትከፍት ቀይዋ የቻርጅ መብራት አልበራችም። አንተ ጥሩ ምልክት መስሎህ ይሆናል። ዲናሞው መጀመሪያ ማግኔት የሚሆንባትን ትንሽ ዥረት የሚያገኘው በዚያች አምፖል በኩል ነው፤ አምፖሏ ከተቃጠለች ሞተሩ ቢዞርም ዲናሞው ሳይነቃ ሊውል ይችላል፤ ያኔ ከሦስቱ አንዱም ባትሪ አይሞላም። ዛሬውኑ ለውጣት።